ፀሐይና ነፋስ ሳሉ

ከዋሽንግተን ከተማ በጆርጂያ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገደኛ የከተማውን ወሰን አልፎ ወደ ሜሪላንድ ግዛት እንደ ገባ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትባለው ስፍራ ይደርሳል። ስሟ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የብር ምንጭ» ማለት ነው። ይህንም ስም ያገኘችበት ምክንያት እንዲህ ነው፤ በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ ሰው በዚህ ስፍራ አንድ ምንጭ አገኘ፤ በውኃውም ውስጥ ሚካ የተባለው ማዕድን ቅንጣት በፀሐይ ብርሃን እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ምንጩ የነበረበት ቦታ ዛሬ ትንሽ መናፈሻ ሆኗል፤ ባሉጥ በሚባለው ዛፍ ፍሬ አምሳል የተሠራ አሮጌ ዳስም ቆሞበታል።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ በሌላ ከተማ ከሚኖሩት ሁሉ በቍጥር እንደሚበልጡ የታወቀ ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ አገሩን ለቆ የተሰደደው ብዙው ሰው በዚህ አካባቢ ሰፈረ፤ ወንድም ወንድሙን፣ ልጅ እናቱን እየጠራ ማኅበሩ በዛ። ዛሬ በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ የሚመላለስ ሰው የእንጀራ መሸጫውን፣ የቅመም ሱቁንና የቡና ቤቱን ጽሕፈት በፊደላችን ያነባል። እሑድ ጧትም ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ልጆቻቸውን እየመሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያያል።

ስለዚህች ከተማ የሚጻፍ ነገር ብዙ ነበር። ነገር ግን እኛ በሰኔ ወር በእንግድነት ከሰነበትንበት ቤት ያየነውንና ለማንኛውም ቤተ ሰብ ይጠቅማል ያልነውን አንድ ነገር ብቻ እንጽፋለን፤ እርሱም ስለ ልብስ ማድረቅ ነው። ነገሩ ታናሽ መስሎ የሚታየው ይኖር ይሆናል። ሆኖም ልብስ የማያጥብ ቤት የለም፤ በየሳምንቱ የሚደረግ ሥራም፣ ትንሽ ቢሆን፣ በዓመት ሲደመር ትንሽ አይደለም።

በአገራችን አንድ እንግዳ ወደ ማናቸውም መንደር ሲገባ የሰው መኖሩን አስቀድሞ የሚነግረው ከጣራው የሚወጣው ጢስና በአጥሩ ላይ የተሰጣው ልብስ ነው። ወንዝ ዳር የታጠበው ልብስ በሣሩና በድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ሜዳው ያበበ ይመስላል። በሲልቨር ስፕሪንግ ግን ሰባት ቀን ሙሉ በመንደሮቹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስንመላለስ አንድም የተሰጣ ልብስ አላየንም። ሣሩ ለምለም ነው፤ ዛፉ ጥላ አለው፤ ስላይጎ የተባለው ወንዝም በመካከሉ ይፈሳል። ነገር ግን ሸሚዝ ወይም አንሶላ በየትም አይታይም። ሰዎቹ ልብስ አያጥቡም እንዳይባል ሁሉም ንጹሕ ለባሾች ናቸው። ምክንያቱን ያገኘነው ካረፍንበት ቤት በታች፣ ከምድር ቤቱ ወርደን ነው።

በዚያ ምድር ቤት ሁለት ነጫጭ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ያጥባል፤ ሁለተኛው ያደርቃል። የማድረቂያው አሠራር የረቀቀ አይደለም። በውስጡ እንደ በርሜል ያለ ክብ ነገር ይዞራል፤ ልብሱም አብሮ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወድቃል። በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ የጋለ አየር በልብሱ መካከል ያልፋል፤ ከልብሱ የወጣውም እርጥበት በወፍራም ቧንቧ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ለአንድ ጊዜ ማድረቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኀይል ይፈጃል። ይህም አንዲት ባለ 10 ዋት አምፖል 300 ሰዓት በርታ የምትጨርሰው ማለት ነው። በሳምንት አምስት ጊዜ የሚያደርቅ ቤት በዓመት 780 ኪሎዋት ሰዓት ለዚሁ ሥራ ይከፍላል።

የመኪናውን ታሪክ ብንመረምር ከችግር የተወለደ ሆኖ እናገኘዋለን። በ1892 ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ልብስን በምድጃ ሙቀት የሚያደርቅ የማስጫ ቆጥ ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያም በኋላ ሮስ ሙር የተባለ የሰሜን ዳኮታ ሰው፣ በዚያ አገር በጽኑ ክረምት ልብስን ውጭ ማስጣት አስጨንቆት ነበርና፣ የሚዞር ማድረቂያ ለመሥራት ብዙ ዓመት ደከመ፤ መኪናውም በ1938 ለገበያ ቀረበ። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ውርጭና በረዶ ላስቸገረው ሰው ታላቅ ዕረፍት ነበር። ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሁሉ እንዲሠራ ያደረገው ፈጣሪው ሳይሆን ልማድ ነው።

የቤቱ እመቤት በሆስፒታል የሌሊት ሥራ የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ወላጅ እናቷ ደግሞ በዚያው ዓመት ከመንዝ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አሮጊት ናቸው። እኒህ እናት ልጃቸው ስትሰደድ ለመታሰቢያ እንዲሆናት በእጃቸው ፈትለው ያሸመኑት አንድ ነጠላ ነበራት፤ በዓመት በዓል ሁሉ የምትለብሰው እርሱን ነው። እናቲቱም ነጠላውን ከብዙ ዓመት በኋላ በእጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ሲያዩት ዝም አሉ። ሸማው ሳስቷል፤ ርዝመቱም አጥሯል። ጥለቱ ግን ከሸማው ጋር እኩል አላጠረምና ዳር ዳሩ ተኰማትሯል።

«ልጄ፣ ይህን በምን አጠብሽው?» ብለው ጠየቁ።

«እማዬ፣ እጥበቱስ ቀስ ያለ ነው። የማደርቀው ግን በመኪናው ነው» አለች።

አሮጊቷ ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ እኛም ተከትለናቸው ወረድን። መኪናው ሥራውን ጨርሶ ቆሞ ነበር። ልጃቸው ከመኪናው አፍ ላይ አንዲት ወንፊት መሰል ነገር ስባ አወጣች፤ በላይዋም እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ለስላሳ ብናኝ ነበረ። ልትጥለው ስትል እናቷ ተቀበሏትና በጣቶቻቸው መካከል አሹት፤ ሳብ ሳብም አደረጉት። ከዚያ በኋላ ወደኛ ዘወር ብለው፣ «መምህር፣ ይህ እኮ ባዘቶ ነው!» አሉን።

ይህ ቃል ከሰማነው ሁሉ የበለጠ ትምህርት ሰጠን። ጥጥ ተለቅሞ፣ ፍሬው ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ፈትል ይሆናል፤ ፈትሉ ተሸምኖ ሸማ ይሆናል። መኪናው የሚያደርገው ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ልብሱ በትኩስ አየር እየተንከባለለና እርስ በርሱ እየተፋተገ በዞረ ቍጥር ከፈትሉ ላይ አጫጭር ጭረቶች ይነቀላሉ፤ ወደ ወንፊቱም ይሄዳሉ። በወንፊቱ ላይ የሚገኘው ብናኝ ከውጭ የመጣ አቧራ ሳይሆን ራሱ ልብሱ ነው። ድር ሲያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ድሩ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ሲነቀል ግን ነጠላውም ራሱን መሸከም ያቅተዋል።

የማጠሩም ነገር ምክንያት አለው። የጥጥ ፈትል ሲፈተልና ሲሸመን ተወጥሮ የኖረ ነው። ውኃ ሲነካው፣ በሙቀትም ሲንከባለል ውጥረቱን ይለቃል፤ ስለዚህ ይሰበሰባል። ጥለቱ የተሠራበት ክር ብዙ ጊዜ ከጥጥ የተለየ ስለ ሆነ ከሸማው ጋር አይሰበሰብም፤ መኰማተሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በመኪናው ራስ ላይ አንድ ካርቶን ተቀምጦ ነበር። በውስጡ ወረቀት የሚመስሉ ስስ ጨርቆች ተደርድረዋል፤ ሽታቸውም ከሩቅ ይጠራል። እመቤቲቱ ልብሱን ለማድረቅ ስታስገባ ሁልጊዜ አንዱን ትጨምርበት ነበር፤ ልብሱ እንዲለሰልስ፣ እንዲሸትትና እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ነው። እንዲህ ያለውን ጨርቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ኮንራድ ጌይዘር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በ1970ዎቹም አንድ ትልቅ የሳሙና ኩባንያ መብቱን ገዝቶ በየቤቱ አስገባው። ጨርቁ ራሱ ከፖሊስተር የተሠራ ሲሆን በላዩ የተቀባው ቅባት መሰል ነገር በመኪናው ሙቀት ቀልጦ ልብሱን ይለብሰዋል። የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይጣላል።

ያ ቅባት ልብሱን ለእጅ ለስላሳ ቢያደርገውም ጉዳት አለው። ፎጣን ቢለብሰው ፎጣው ውኃ የመምጠጥ ኀይሉ ይቀንሳል። እሳት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራውን የልጆች የሌሊት ልብስ ቢለብሰው ይህን ጠባዩን ሊያጠፋበት ይችላል። ስለዚህ የጨርቁ ሠሪዎች ራሳቸው በካርቶኑ ላይ ለእንዲህ ያለ ልብስ እንዳይሆን ብለው ያስጠነቅቃሉ። ሽታው ራሱን የሚያመው፣ ቆዳውንም የሚያሳክከው ሰው አለ። አሮጊቷ አንዱን ጨርቅ አሽትተው መልሰው በቦታው አኖሩትና፣ «የታጠበ ልብስ የሚሸተው ፀሐይ ፀሐይ ነበር» ብቻ አሉ።

በማግሥቱ እናቲቱ ገመድ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ታላቁ የልጅ ልጃቸው፣ ዐሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ፣ «አያቴ፣ ገመድ የድሮ ነገር ነው፤ ጎረቤት ምን ይለናል?» አለ። እናቱም ወደኛ ተመልክታ፣ «መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ። ሌሊቱን ቆሜ አድሬ ጧት ስገባ ልብስ ለማስጣት ጉልበት ከየት ላምጣ? መኪናውን የገዛሁት ለቅንጦት አይደለም» አለች። ይህ እውነተኛ ቃል ነው። ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሁለት እጁ ቤት ሲያቆም ሰዓቱን የሚያተርፍለትን ነገር ቢወድ አይነቀፍም። ስለዚህ የሁለቱንም ነገር ለየብቻው ልንመልስ ሞከርን።

ለልጁ የነገርነው የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነው። በ1964 እኒህ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ ለማጥናት ዐድዋ ሄደው ሳለ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ትል የሚያድግበት ነውና ነገሩን መረመሩት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት አያቶቻቸው እንዳጠቡት ነበር፤ ሊቁ ግን የድሮ ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ቆሞ ተመለከተ። የድሮ መሆኑ ብቻ ነገርን ጥሩም መጥፎም አያደርገውም፤ መመርመር ይገባል ብለን ነገርነው።

እንግዲህ ገመዱንም መረመርነው። ልብስ የሚደርቀው ውኃው ወደ ተን ተለውጦ ሲሄድ ነው። ፀሐይ ሙቀት ትሰጣለች፤ ነፋስ ደግሞ በልብሱ ዙሪያ የተሰበሰበውን እርጥብ አየር እየጠረገ በደረቅ አየር ይተካዋል። ከሁለቱ ነፋሱ ይበልጣል፤ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ልብስ ይደርቃልና። በመንዝና በደብረ ብርሃን ደጋ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በውርጭ ሌሊት ደጅ ያደረ ልብስ እንደ እንጨት ደርቆ ሲገኝ እርጥበቱ አልሄደም ይባላል፤ ነገር ግን በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ሊለወጥ ስለሚችል በደረቅ ነፋስ እንዲያው ቀዝቅዞ ሳለ ይደርቃል። ፀሐይ ከዚህ ሌላ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ነጩን ጥጥ ታነጣለች፤ በብርሃኗም ከዐይን የተሰወሩ አንዳንድ ተሐዋስያንን ትገድላለች።

ከዚህ በኋላ የጎረቤት ነገር መጣ። በአሜሪካ በብዙ መንደር የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለ፤ ቤቱም ከምን ቀለም ይቀባ፣ አጥሩም ምን ያህል ይሁን እያለ ይወስናል። ከእነዚህ ማኅበሮች ብዙዎቹ ልብስ ውጭ ማስጣትን ከልክለው ኖረዋል፤ የተሰጣ ልብስ የድኅነት ምልክት ሆኖ የመንደሩን ቤት ዋጋ ያወርዳል የሚል አሳብ ነበራቸውና። ነገሩ ግን እንደ አገሩ ነው። በኢጣሊያ በኔፕልስ ከተማ ጠባብ መንገዶች ላይ ልብስ ከመስኮት ወደ መስኮት ተሰጥቶ ሲታይ እንግዳው እንደ ጌጥ ቈጥሮ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። በአሜሪካም ቢሆን ዛሬ ነገሩ እየተለወጠ ነው። የፍሎሪዳ ግዛት በ1980 ባወጣው ሕግ የልብስ ገመድን ከፀሐይ ኀይል መሣሪያዎች ጋር ቈጥሮ እንዳይከለከል አደረገ። ሜሪላንድም በ2010 ነጠላ ቤትም ሆነ ተያይዞ የተሠራ ቤት ያለው ሰው በገመድ ልብስ እንዳያደርቅ ሊከለከል አይችልም ብላ ደነገገች፤ ማኅበሩ ሊወስን የሚችለው ገመዱ በየት በኩልና በምን መልክ ይዘርጋ የሚለውን ነው። ትልልቅ ፎቆች ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አይገቡም። እመቤቲቱ ይህን ስታውቅ ገመዱ ከቤቱ በስተ ጓሮ፣ ከመንገድ በማይታይበት በኩል እንዲሆን አደረገች፤ ጎረቤትም ምንም አላለ።

አሮጊቷ ያደረጉትን አሠራር ለአንባቢዎቻችን በዝርዝር እንጻፈው። ገመዱን አንድ ሳይሆን ሁለት አድርገው፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ትተው ዘረጉ። ነጠላ እርጥብ ሳለ በጫፉ ቢንጠለጠል የውኃው ክብደት ስለሚስበው ቅርጹ ይበላሻል፤ ስለዚህ በሁለቱ ገመድ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ይተኛል። ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ስለ ሆነ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ተጨምቆ፣ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ በየጊዜውም ይገለበጣል። ጥለት ያለውና ቀለም የገባበት ልብስ ፀሐይ እንዳታደበዝዘው ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከጥላ በኩል ይሆናል። ነጩ ከፀሐይ በኩል ይሆናል። ሸሚዝ ከትከሻው ሳይሆን ከግርጌው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ምልክቱ እንዳይታይ ነው። ስለ መቆንጠጫውም እንዲህ እንበል፤ ባለ ሁለት ክንፉን የእንጨት መቆንጠጫ በ1853 ያወጣው ዴቪድ ስሚዝ የተባለ የቨርሞንት ሰው ነው። ልብሱ ከመሰጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ በኀይል ቢራገፍ ጭምደዳው ይቀንሳል፤ ለካውያም ይቀላል።

ሰዓታችንን ይዘን ቈጠርን። አንድ ሙሉ እጥበት ለማስጣት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱ ልጆች መቆንጠጫውን እያቀበሉ ሲረዱ ደግሞ ስምንት ሆነ።

የአየሩን ጠባይ ማወቅም ያስፈልጋል። በሜሪላንድ በጋው እርጥበት የበዛበት ስለ ሆነ ልብስ ጧት በማለዳ ቢሰጣ ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ነጐድጓድ ያለበት ዝናብ በድንገት ይመጣልና። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የዛፎች የአበባ ብናኝ እንደ ቢጫ ዱቄት በሁሉ ላይ ይረግፋል፤ በዚያ ጊዜ፣ ይልቁንም አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት፣ ልብስን በውስጥ ማድረቅ ይገባል። ለዚህም የሚታጠፍ የእንጨት ማስጫ አለ። በፎቅ ቤት የሚኖሩ ሰዎች መፍትሔም እርሱ ነው። በክረምት ቤቱ በማሞቂያ ስለሚደርቅ በማስጫው ላይ የተሰጣው ልብስ እርሱም ይደርቃል፣ ደረቁን አየርም ያለሰልሰዋል። ነገር ግን መስኮት በሌለው ምድር ቤት እርጥብ ልብስ ማብዛት ሻጋታ ያመጣል፤ መስኮት ወይም ማራገቢያ የግድ ነው።

አሁን ወደ እመቤቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ገመዱ መልካም ቢሆንም የሌሊት ሠራተኛ ሁሉን ልብስ በገመድ ማድረቅ አትችልም። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ልብሱ በሁለት ተከፈለ። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የአበሻ ቀሚሱና የልጆቹ የክት ልብስ ለገመድና ለማስጫ ሆነ፤ ይህም የሚደረገው ቅዳሜ ጧት፣ ልጆቹ ከቤት ባሉበት ጊዜ ነው። አንሶላው፣ ፎጣውና የሥራ ልብሱ ለመኪናው ተተወ። ያ የሚጣለው ጨርቅ ግን ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ የሱፍ ልቃቂት ገባ።

ይህ ልቃቂት በአሜሪካ ሱቆች ተሠርቶ ይሸጣል፤ አሮጊቷ ግን «የበግ ጠጉር እያለ ገንዘብ ለምን ይወጣል» ብለው በቤት ሠሩት። በመንዝ ሴቶች የበግ ጠጉር ፈትለው ባና የሚያሠሩ ናቸውና እጃቸው ለዚህ እንግዳ አልነበረም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ንጹሕ የሱፍ ክር ተፈልጎ እንደ ብርቱካን እስኪያህል ድረስ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ጫፉም ወደ ውስጥ ይሰፋል። በአሮጌ የእግር ሹራብ ውስጥ ከገባና ከታሰረ በኋላ በሙቅ ውኃ ከሌላ ልብስ ጋር ይታጠባል፤ በመኪናውም ይደርቃል። ይህ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሲደገም የሱፉ ጭረት እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ቆብ ጨርቅ ይጠጥራል፤ ክሩም አይተረተርም። ነገር ግን ክሩ ሲገዛ «በመኪና ቢታጠብ አያጥርም» የሚል ከተጻፈበት አይሆንም፤ የዚያ ሱፍ ጠባይ በመድኃኒት ስለ ተለወጠ አይጠጥርም።

እንዲህ ያለ ልቃቂት ከሦስት እስከ ስድስት ሆኖ ከልብሱ ጋር በመኪናው ውስጥ ይገባል። በሚዞርበት ጊዜ በልብሱ መካከል እየገባ ይለየዋል፤ ትኩሱም አየር በየእጥፋቱ ያልፋል። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ሊይዝ ይችላል፤ እርጥብ ሆኖም ለእጅ አይሰማም። ልቃቂቱ በመቶ የሚቈጠር ጊዜ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሻጮቹ እንደሚሉት ጊዜውን በግማሽ ያሳጥራል ብለን ለአንባቢ አናወራም፤ ትርፉ መጠነኛ ነው። ልብስ እርስ በርሱ የሚጣበቅበትንም ነገር ፈጽሞ አያጠፋም። መጣበቁ የሚመጣው ናይሎንና ፖሊስተር ያለ መጠን ሲደርቁ ነውና መድኃኒቱ እነርሱን ከጥጡ ለይቶ ማድረቅ፣ ጥቂት እርጥበት ሲቀራቸውም አውጥቶ ማስጣት ነው። ይህን ያደረገ ቤት ያንን የሚሸት ጨርቅ የሚፈልግበት ምክንያት አይቀረውም።

መኪናውን የሚጠቀም ሰው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ያ እንደ ባዘቶ ያለው ብናኝ በቀላሉ እሳት ይይዛል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እንደ ገመተው ከ2008 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ 2,900 ያህል የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ መኪና ተነሥቷል፤ በዚህም በዓመት 5 ያህል ሰዎች ሞተዋል፣ 100 ያህልም ተጐድተዋል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው መኪናውን አለማጽዳት ነው። ስለዚህ ወንፊቱ ልብስ በደረቀ ቍጥር ይጠረግ፤ ወደ ውጭ የሚወጣውም ቧንቧ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይጽዳ፤ መኪናው እየሠራም ቤት ዘግቶ መሄድና መተኛት አይገባም። ይህን የሰማች ጊዜ፣ ጧት ከሥራ ገብታ መኪናውን አስነሥታ የምትተኛው እመቤት ደነገጠች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ልማዷን ለወጠች።

የሳሳው ነጠላ እንደ ቀድሞው ሊሆን አይችልም። ከወንፊቱ ላይ የተጠረገውን ፈትል መልሶ የሚያስገባ ጥበብ የለም። የሚቻለው የቀረውን ማቈየት ነው። በዚህ ቤት የተረፈው አንድ ነጠላ ቢሆንም፣ ልጆቹ አያታቸው ባዘቶውን በጣታቸው ሲስቡ አይተዋል፤ ልብስ ከገበያ ብቻ እንደማይመጣም ተረድተዋል።

ይህ ነገር በስደት ላሉት ብቻ የሚነገር አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን ማጠቢያ መኪና ወደ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ማድረቂያውም ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም፤ ከእርሱም ጋር ያ የሚሸት ጨርቅ ይመጣል። ዛሬ በየፎቁ ሰገነት ላይ የሚታየው ገመድ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ እንዲወርድ የሚፈልግ ሰው ሲነሣ፣ የአሜሪካ ግዛቶች ያንኑ ገመድ ለመመለስ ሕግ እስከ ማውጣት መድረሳቸውን ማስታወስ ይጠቅማል። መኪና ለጨነቀው ቀን ይኑር፤ ለዝናብ፣ ለሕመም፣ ለሌሊት ሠራተኛ ያገልግል። ፀሐይ በወጣችበት፣ ነፋስም በነፈሰበት ቀን ግን ነጠላችንን ለገመዱ እንስጥ። እነዚህ ሁለቱ ኪራይ አይጠይቁም፤ ከፈትሉም ላይ አንዲት ጭረት አይወስዱም።